ጠረጴዛው በኅዳር ለምን ይጮኻል?

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ደዋዩ ቢለያይም ታሪኩ አንድ ነው። ሌሊት ሳሎን ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌባ የመጣ መስሏቸው ተነሡ፤ ሲነጋ የምግብ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ አገኙት። አንዲት እናት እኔን ከመጥራታቸው በፊት ቤቱን ጸበል አስረጭተው ነበር። ጸበሉ አይከፋም፤ ጠረጴዛው ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ማደስ ነው። ሰው ሁሉ የሚነግረኝ «ፀሐይ ሰነጠቀው» እያለ ነው። ፀሐይ ጥፋት አለባት፣ እመጣበታለሁ፤ ስንጥቁን የሚያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው። እንጨት ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ከተቀባም በኋላ ከአየር ላይ እርጥበት መሳብና መልሶ መስጠት አይተውም። አየሩ 80 በመቶ እርጥበት ሲይዝ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አየሩ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ እንጨቱም ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። የአዲስ አበባ ዓመት ደግሞ የተሠራው በዚህ ልክ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ያጠጣዋል፣ በጋ ያስጠማዋል።

እንጨትን እንደ ታሠረ የሰንበሌጥ ነዶ አስቡት። ውሃ ሲጠጣ እያንዳንዱ ሰንበሌጥ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። የጣውላ ርዝመት በዓመት ውስጥ ተለወጠ የማይባለው፣ ወርዱ ግን የሚሰፋውና የሚጠበው ለዚህ ነው። በብዙ ጠንካራ እንጨቶች ላይ የውስጥ እርጥበቱ 1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ወርዱ በሩብ በመቶ ያህል ይጠባል። ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ከ13 ወደ 9 በመቶ ቢደርቅ 9 ሚሊ ሜትር ጠበበ ማለት ነው። ይህን ያህል እንጨት ወዴት ይሂድ? አናጺው መንቀሳቀሻ ትቶለት ከሆነ ማንም ሳያየው ይጠባል። ገበታውን ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር በኮላና በምስማር ጠርቆት ከሆነ ግን ውጥረቱ ሲጠራቀም ቆይቶ አንድ ሌሊት ይፈነዳል። ድምፁ የሚሰማውም ቤቱ ጭር ስላለ ነው።

የድሮ አናጺዎች ይህን ያውቁ ነበር። የአሮጌ ቁም ሳጥን በር ብታዩ ዙሪያውን ማቀፊያ አለው፤ መካከል ያለው ሰፊ ጣውላ ደግሞ በማቀፊያው ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ እንዲሁ ገብቶ ተቀምጧል። በበጋ ጣውላው ሲሰበሰብ በጠርዙ በኩል ቫርኒሽ ያልነካው ነጣ ያለ መስመር ብቅ ይላል። ደንበኞቼ ይህን መስመር አይተው «ስቱኮ ሙላበት» ይሉኛል። አልሞላም። ክረምት ሲገባ ጣውላው ተመልሶ ይሰፋል፤ ቦታው በስቱኮ ከተደፈነ ማቀፊያውን ገፍቶ መጋጠሚያውን ይበረግደዋል። አዲስ ጠረጴዛ የምታሠሩ ከሆነ ገበታው ከፍሬሙ ጋር በብሎን እንዲያያዝ፣ የብሎኑም ቀዳዳ ሞላላ እንዲሆን ንገሩት። ለአናጺው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላው ነገር የጠረጴዛው ሆድ ነው። ላይ ላዩን ሦስት እጅ ቫርኒሽ፣ ከሥር ምንም! ከላይ የተደፈነው እንጨት ከታች በኩል ብቻ ሲጠጣና ሲደርቅ ይቆለመማል። እንግዳ ጎንበስ ብሎ ባያየውም ሥሩም መቀባት አለበት።

አሁን ወደ ፀሐይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም የምትመታን ፀሐይ ቀላል አይደለችም። ጨረሩ የእንጨቱን ክሮች አያይዞ የያዘውን ሊግኒን የሚባል ነገር ይሰባብረዋል። ጥቁር እንጨት ይገረጣል፣ ነጣ ያለው ቢጫ ይሆናል። የመስኮት መስታወትም ሙሉ መከላከያ አይደለም፤ ከጨረሩ ብዙውን ክፍል ያሳልፋል። የዚህ ነገር ማስረጃ በየቤታችን አለ፦ ቡፌው ላይ ለዓመታት የተነጠፈውን ዳንቴል አንሡት። አንድ ቤት ያየሁት ቡፌ ላይ የዳንቴሉ አበባ ከነቅጠሉ፣ ከነቀዳዳው በእንጨቱ ላይ ታትሞ ነበር። ባለቤቷ አጥፋልኝ አሉኝ፤ እኔ ብሆን እተወው ነበር። ለማጥፋት የተገረጣውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግድ ነው፤ ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ቅጠል ከሆነ ደግሞ ከቀለሙ በፊት ቅጠሉ ያልቃል።

የትኛው መስኮት ነው የሚያሰጋው? ታኅሣሥ ላይ በአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህ በስተ ደቡብ ያለው መስኮት ሰማዩ በጠራበት፣ አየሩም በደረቀበት ወራት ብርሃኑን ወደ ሳሎኑ ያስገባል። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ዝቅ ያለ ፀሐይ ይቀበላሉ። ውድ የሆነውን ዕቃ ከእነዚህ ፊት ማራቅ ወይም ሰው በሌለበት ሰዓት መጋረጃ መዝጋት ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ውጭ ለሚቀመጥ ወንበርና ለበር ግን መጋረጃ የለም። እነሱን ቀለም ቀቡ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ ውጭ ሲሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ጨረሩ አልፎት ከሥሩ ያለውን እንጨት ይበላዋል፣ ከዚያ ቫርኒሹ የሚይዘው አጥቶ ይላጣል።

ስለ ቅባት ብዙ ወሬ አለ። «ዘይት እንጨቱን ይመግበዋል» ይባላል። የሞተ ነገር አይመገብም። የተልባ ዘይት ጥቅሙ አየር ሲነካው ደርቆ ስስ ሽፋን መሥራቱ ነው፤ ያም እርጥበቱን አያስቀርም፣ ያዘገየዋል። የወጥ ቤቱ የረጋ ዘይት ደግሞ አይደርቅም፤ ይሙለጨለጫል፣ አቧራ ይሰበስባል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የቡና ሥርዓቱም የራሱ ምልክት አለው። ከሰል ምድጃ ከቡፌ እግር አጠገብ ሲቀመጥ ያን አንድ እግር ብቻ ያደርቀዋል። ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ስኒ የተወው ነጭ ክብ ግን ብዙውን ጊዜ ቫርኒሹ ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው፤ እንጨቱ ጋ ስላልደረሰ ይድናል።

ቺፑድና ኤምዲኤፍ በአየር ለውጥ ብዙም አይሰነጠቁም። ጠላታቸው የወለል ውሃ ነው። ወለሉ በውሃ ሲታጠብ የቁም ሳጥኑ እግር አንድ ጊዜ ካበጠ አይመለስም። ከሥሩ የፕላስቲክ እግር አድርጉለት፤ ከግድግዳውም ጥቂት ጣት አርቁት፣ ክረምት ላይ ከኋላው ሻጋታ እንዳያወጣ።

ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ረከቦትና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማም ይሰነጠቃል፤ እዚያ የሚጎዳው ክረምታቸው ነው። ማሞቂያው የቤቱን አየር ከእኛ በጋ የባሰ ያደርቀዋል። ከማሞቂያው አፍ ማራቅ፣ የሚቻል ከሆነም አየሩን የሚያረጥብ መሣሪያ ማብራት ይረዳል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ዕቃው ከደረቀ እንጨት ሲሠራ ነው። በልምድ፣ በጥላ ሥር ተደርድሮ በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ገበያው ይህን አይጠብቅም። ትናንት የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ዛሬ አልጋ ይሆናል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ በጣም ከሚጠቡት ነው። አልጋው ገዢው ቤት ገብቶ ሲጣመም ባለቤቷ መጋረጃ ባለመዝጋቷ ትወቀሳለች። ሻጩን እንጨቱ መቼ እንደተሰነጠቀ ጠይቁት። አንድ ዓይነት ከሆኑት ሁለት ወንበሮች አንዱ ለብቻው ከከበደ ጠርጥሩት።

መሳቢያው በነሐሴ አልከፈት ያላችሁ ደግሞ መላጊያ ይዤ እንድመጣ አትጥሩኝ። ያኔ ብልገው በታኅሣሥ ይላላል። የሚንሸራተትበትን ጠርዝ ሻማ አሹት፣ በኃይል አትጎትቱት። በጥርም አልከፈት ካለ ደውሉልኝ።