በሽታ የተደራረበባቸው አረጋውያን በሕክምናቸው ውሳኔ ላይ ያላቸው ድርሻ

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመምና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በእርጅና ዘመን ብዙውን ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደዱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ተደራራቢ ሕመም ይባላል። በስኮትላንድ የ1.75 ሚሊዮን ሰዎች የሕክምና መዝገብ ተመርምሮ በ2012 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 ከሆነው 65 በመቶ ያህሉ፣ 85 ከሞላቸው ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተደራራቢ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። እጅግ ድሃ በሆኑት አካባቢዎች ችግሩ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል።

የሕክምና መመሪያዎች ግን በአብዛኛው የተጻፉት አንድ በሽታ ብቻ ላለበት ሰው ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአጥንት መሳሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸውን አንዲት የ79 ዓመት ሴት በምሳሌነት ወሰዱ። ለየበሽታው የወጣው መመሪያ ሁሉ ቢፈጸም ሴትዮዋ 12 ዓይነት መድኃኒት መውሰድ ነበረባቸው። እያንዳንዱ ምክር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ተደምሮ ሲመጣ ግን የሚቻል አይሆንም።

ከመድኃኒቱ ብዛት ይልቅ የሚከፋው ሕክምናዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ማስታገሻዎች የጉልበት ሕመምን ያቀልላሉ፤ ነገር ግን ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የልብ ድካምን ሊያባብሱ ይችላሉ። የግፊት መድኃኒት ስትሮክን ይከላከላል፤ አረጋዊው ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ከሆነ ግን ለመውደቅና ለስብራት ያጋልጣል። ስኳርን አጥብቆ ማውረድም ከልክ በታች አውርዶ ራስን ወደ መሳት ሊያደርስ ይችላል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ብዙ በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ላላ ያለ የስኳር መጠን ግብ ይመክራል።

እዚህ ላይ ላቦራቶሪ የማይሰጠው መረጃ ያስፈልጋል። እርሱም ታካሚው ከሁሉ የሚያስቀድሙት ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። በየል ዩኒቨርሲቲ ቴሪ ፍሪድ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አረጋውያን አራት ግቦችን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ የሚጠይቁበት ዘዴ አዘጋጅተዋል። ግቦቹ ዕድሜን ማራዘም፣ ራስን ችሎ መኖር፣ ሕመምን ማስታገስ፣ እንደ ማዞር፣ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ያሉትን ችግሮች መቀነስ ናቸው። ደጅ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስን የሚያስቀድም ሰው፣ በሚቻለው ሁሉ ረጅም ዕድሜን ከሚሻው ሰው የተለየ ሕክምና ሊያሻው ይችላል፤ የሁለቱም ምርጫ ተገቢ ነው።

ግሊን ኤልዊን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት አሠራር፣ ሐኪምና ታካሚ በጋራ የሚደርሱበት ውሳኔ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ሐኪሙ በመጀመሪያ ምርጫ መኖሩን ይናገራል፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን አማራጭ ጥቅምና ጉዳት ያስረዳል፤ በመጨረሻም ከታካሚው ፍላጎት ጋር የሚስማማውን አብረው ይወስናሉ። ታካሚውም ምን አማራጮች እንዳሉ፣ ጥቅምና ጉዳታቸው ምን እንደሆነ፣ እነዚህም የመድረሳቸው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ።

እንቅፋቶቹ ብዙ ናቸው። የምርመራው ሰዓት አጭር ነው፤ ልብን፣ ኩላሊትንና ስኳርን የሚከታተሉት ሐኪሞች የተለያዩ ናቸው፤ የመስማት ችግርም አለ። በኢትዮጵያ ብዙ አረጋውያን «እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ነገሩን ለሐኪሙ ይተዋሉ፤ ወይም አስታማሚው ልጅ ቀድሞ ይመልሳል። የልጅ እገዛ አስፈላጊ ቢሆንም ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለታካሚው ነው። ውሳኔውን ለልጃቸው ወይም ለሐኪሙ መተው የሚፈልጉም አሉ፤ ይህም ቢሆን የሚከበረው ምርጫቸው መሆኑ ተጠይቆ ሲረጋገጥ ነው። ጾምም መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰው መጾም ከፈለጉ መጠኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መስተካከል አለበት።

ታካሚን በውሳኔ ማሳተፍ የሚያስገኘው ጥቅም ልኩ መታወቅ አለበት። በብሪታንያ 1,546 ታካሚዎችን ያካተተና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሙከራ፣ በሽታዎቹን በየፈርጁ ከማየት ይልቅ ሰውየውን ባጠቃላይ የሚመለከት ክትትል የኑሮ ጥራትን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ሆኖም ታካሚዎቹ ያገኙት እንክብካቤ ለእነርሱ የሚበጃቸውን ያገናዘበ መሆኑን በግልጽ መስክረዋል። ይህ ራሱ ከሕክምና የሚጠበቅ ትልቅ ነገር ነው።

ለቀጠሮ ሲኬድ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንና የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀውን ችግርና በጣም የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ አስቦ መናገርም እንዲሁ። የከበደ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው፤ አንዳንዱ በድንገት ሲቋረጥ አደጋ ስለሚያስከትል ግን በራስ ፈቃድ መተው አይገባም።