የቈየ ጥበብ አዲስ ጥቅም፤ ስለ ጉንፔይ ዮኮይ የሥራ ዘመን

ስለ ዘመናዊ ጥበብ በሚነገርበት ጊዜ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው አዲስ ነገር ለፈለሰፈው ሰው ነው። አስቀድሞ የተገኘውን፣ ዋጋው የረከሰውን፣ ሰውም ሁሉ የለመደውን ዕቃ ይዞ ማንም ያላሰበውን ጥቅም ያወጣለት ሰው ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የእንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ነው። እርሳቸውም በጃፓን አገር ኒንቴንዶ በተባለው ኩባንያ ከ1965 እስከ 1996 ድረስ 31 ዓመት ያገለገሉት የጨዋታ መሣሪያዎች ነዳፊና አዘጋጅ ጉንፔይ ዮኮይ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «የምርምር መጽሔት ከልጆች መጫወቻ ጋር ምን ጉዳይ አለው?» ይል ይሆናል። መልሳችን እንዲህ ነው። መጫወቻ የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ጥያቄና የውሃ ፓምፕ ወይም ሬዲዮ የሚሠራ መሐንዲስ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በተወሰነ ገንዘብና በተወሰነ ኀይል ሰው የሚፈልገውን ነገር እንዴት መሥራት ይቻላል የሚል ነው። ዮኮይ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በብዙ ሚሊዮን በሚቈጠሩ ዕቃዎች ተፈትኗል፤ አንድ ጊዜም በግልጽ ወድቋል። ስለዚህ መልሱን ከድሉም ከውድቀቱም አንጻር ለመመዘን ይቻላል።

፩. ከጥገና ክፍል ወደ መጫወቻ ሥራ

ዮኮይ በ1941 በኪዮቶ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተምረው በ1965 ኒንቴንዶ ገቡ። ኒንቴንዶ በ1889 የተቋቋመና ሃናፉዳ የሚባለውን የአበባ ሥዕል ያለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ በመሥራት የታወቀ ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ በዚህ ቤት ለኤሌክትሮኒክስ ምሩቅ የሚሆን ብዙ ሥራ ስላልነበረ ወጣቱ ዮኮይ የተሰጣቸው ተግባር ካርታ የሚያመርቱትን መኪናዎች መጠበቅና መጠገን ነበር።

ይሁን እንጂ በትርፍ ጊዜያቸው ለራሳቸው መዝናኛ አንድ ዕቃ ሠሩ። ዕቃው እንደ መቀስ እርስ በርሳቸው የተቈላለፉ ዘንጎች ያሉት ሲሆን፣ እጀታው ሲጨመቅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ራቅ ያለውን ነገር ይይዛል፤ ሲለቀቅም ይሰበሰባል። የኩባንያው ኀላፊ ሂሮሺ ያማኡቺ ይህን ባዩ ጊዜ ሠራተኛውን በመቅጣት ፈንታ ለገበያ እንዲያዘጋጁት አዘዟቸው። «ኡልትራ ሃንድ» የተባለው ይህ መጫወቻ በ1966 ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይም ከጥገና ክፍል ተነሥተው አዳዲስ ዕቃ ወደሚታሰብበት ክፍል ተዛወሩ።

ቀጥሎ የመጣው በ1969 የወጣው «የፍቅር መለኪያ» ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ በኩል እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ በሌላው እጃቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው ከዕቃው ጋር የተገናኘ አንዳንድ የብረት ኳስ ይጨብጣሉ። ጥቂት ኮረንቲ በሁለቱ ሰውነት ዐልፎ የመለኪያውን ቀስት ያንቀሳቅሳል። በእውነቱ የሚለካው የፍቅር መጠን ሳይሆን የሰው ገላ ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚያሳልፍ ነው። መለኪያው ራሱ በማናቸውም ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍል የሚገኝ የታወቀ መሣሪያ ነው፤ አዲስ የነበረው መሣሪያው ሳይሆን ለሰዎች የሰጠው ምክንያት ነው።

በ1970 የወጣው የብርሃን ጠመንጃም እንዲሁ ነው። የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሴል የተሠራው ኀይል ለማመንጨት ነበር። ዮኮይና ባልደረቦቻቸው ግን ይህንኑ ሴል በዒላማው ላይ አድርገው ከጠመንጃው የሚወጣውን ብርሃን እንዲለይ አደረጉት። ብርሃኑ ሴሉን ሲመታ ትንሽ ኮረንቲ ይፈጠራል፤ ዒላማውም ይወድቃል። ሴሉ ኀይል አመንጪ መሆኑ ቀርቶ ዐይን ሆነ ማለት ነው።

፪. «የደረቀ ጥበብ»

ዮኮይ የሥራቸውን መመሪያ በአንድ የጃፓንኛ አነጋገር ይገልጹት ነበር። አነጋገሩ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ፣ «የደረቀን ጥበብ ወደ ጎን አዙሮ ማሰብ» እንደ ማለት ነው። «የደረቀ» የሚለው ቃል መናኛ ወይም የማይረባ ለማለት የገባ አይደለም። ነገሩን በአናጢ ሥራ ብንመስለው ይገባናል። አናጢ በር ለመሥራት እርጥብ እንጨት አይመርጥም፤ ውሎ ሲያድር ይጣመምበታልና። የደረቀውን እንጨት ግን ጠባዩን ያውቀዋል። እንደዚሁም ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ጥበብ ጉድለቱ ታውቋል፣ ዋጋው ረክሷል፣ አቅራቢውም በዝቷል። «ወደ ጎን አዙሮ ማሰብ» የሚለው ደግሞ ያንን የታወቀ ጥበብ ከተፈጠረበት ሥራ አውጥቶ ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ነው።

እንግዲህ መመሪያው ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ ማለት ያስፈልጋል። ርካሽ ዕቃ መግዛት ብቻውን ቁጠባ ይባላል እንጂ ፈጠራ አይባልም። የማዛወሩ ሐሳብ ካልተጨመረበት የደረቀው እንጨት እንጨት ሆኖ ይቀራል።

፫. ከሒሳብ መኪና የተገኘ ጨዋታ

ይህ መመሪያ በይበልጥ የተገለጠው በ1980 በወጣው «ጌም ኤንድ ዎች» በተባለው የኪስ መጫወቻ ነው። ዮኮይ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዙ አንድ የደከመው የቢሮ ሠራተኛ ጊዜ ለማሳለፍ የትንሽ ሒሳብ መኪና ቁልፎች ሲነካካ አዩ። አዋቂ ሰው በሕዝብ መካከል ሳያፍር ሊጫወትበት የሚችል፣ በመዳፍ የሚሸሸግ ዕቃ ቢኖር ምን ይሆን ብለው አሰቡ።

በዚያን ጊዜ የጃፓን ኩባንያዎች በሒሳብ መኪና ገበያ ብርቱ ውድድር አድርገው ስለ ነበር የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪንና ትንንሾቹ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ዋጋቸው እጅግ ወርዶ ነበር። የሒሳብ መኪና አንድን አኃዝ የሚጽፈው በሰባት ሰረዞች ነው፤ ሰባቱም ሲጠቍሩ 8 ይሆናል፣ ከፊሎቹ ሲጠፉ ሌላ ቍጥር ይሆናል። ዮኮይና ጓደኞቻቸው በሰረዞቹ ቦታ የሰው እጅ፣ እግርና ኳስ ቅርጽ እንዲታተም አደረጉ። ቅርጾቹ አይንቀሳቀሱም፤ በተራ እየጠቈሩ ሲጠፉ ግን ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ የሚበር ይመስላል። ጨዋታ በማይኖርበት ጊዜ ዕቃው ሰዓት ይቈጥራል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። እስከ 1991 ድረስ በልዩ ልዩ ዐይነት ወጥቶ በጠቅላላው ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

በ1982 ከዚሁ ተከታታይ ሥራ አንዱ ለሆነው ለ«ዶንኪ ኮንግ» ዮኮይ አዲስ መጫኛ ነደፉለት። አስቀድሞ በትልልቆቹ መጫወቻዎች ላይ አቅጣጫ የሚሰጠው ቆሞ በሚነቃነቅ ዘንግ ነበር፤ ዘንግ ግን ኪስ ውስጥ አይገባም። በዘንጉ ፈንታ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጠፍጣፋ መጫኛ ተደረገ። የመስቀሉ አንድ ክንፍ ሲጫን ተቃራኒው ስለሚነሣ አውራ ጣት ሳይታይ አቅጣጫውን ያውቀዋል። ይህ መጫኛ በዛሬው ጊዜም በብዙ የጨዋታ መሣሪያዎች ላይ ይገኛል።

ዮኮይ በዚህ ዘመን የሌሎችን ሥራ መምራትም ጀምረው ነበር። በ1981 ወጣቱ ሺገሩ ሚያሞቶ የመጀመሪያውን የ«ዶንኪ ኮንግ» ጨዋታ ሲነድፉ የበላይ ተቈጣጣሪያቸው ዮኮይ ነበሩ። በ1986 የወጡት «ሜትሮይድ» እና «ኪድ ኢካሩስ» የተባሉት ጨዋታዎችም በእርሳቸው አዘጋጅነት የተሠሩ ናቸው።

፬. ቀለም የሌለው አሸናፊ

በ1989 «ጌም ቦይ» ወጣ። ይህ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ጨዋታው ተነቃይ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሌላ ጨዋታ በገዛ ቍጥር አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም። ስክሪኑ በአግድም 160፣ በቁም 144 ነጥቦች፣ ማለት በጠቅላላው 23,040 ነጥቦች አሉት። ቀለም የለውም፤ አራት ደረጃ ያለው አረንጓዴ መሰል ጥላ ብቻ ያሳያል። ከበስተኋላውም መብራት የለውም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካው አታሪ «ሊንክስ» የተባለውን፣ በ1990 ደግሞ ሴጋ «ጌም ጊር» የተባለውን ባለ ቀለምና ባለ መብራት መሣሪያ አወጡ። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዐይን የሚስበው የእነርሱ ስክሪን መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ጌም ቦይ በጃፓን ሲወጣ ዋጋው 12,500 የን ነበር፤ ጌም ጊር 19,800 የን። ጌም ቦይ በአራት የባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ጌም ጊር ስድስት ድንጋይ በልቶ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይቈያል። ዕቃው ርካሽ ቢሆን እንኳ ድንጋዩን በየቀኑ የሚገዛው የልጁ ወላጅ ነው። በመንገድ ላይ የሚጠፋ ባለ ቀለም ስክሪን ከሚበራ ባለ ጥላ ስክሪን እንደማይሻል ገዢው ቶሎ ተረዳው። ጌም ቦይና በ1998 የተከተለው ባለ ቀለሙ ዐይነት አንድ ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ጌም ቦይ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የዮኮይ ባልደረባ ሳቶሩ ኦካዳ ኋላ እንዳስረዱት፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ከዚህ የቀለለ መጫወቻ ሲሆን፣ ጠንከር ያለና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል መሣሪያ እንዲሆን የተከራከሩት እርሳቸው ናቸው። ቁጠባ የሚወድ አለቃና የሚከራከረው ባልደረባ አንድ ላይ ባይሠሩ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

፭. ውድቀቱና የመጨረሻው ዘመን

በ1995 የወጣው «ቨርቹዋል ቦይ» የዚህ ታሪክ ተቃራኒ ገጽ ነው። መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ቆሞ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ዐይኑን የሚያስጠጋበት መነጽር መሰል ሣጥን ነው። ለእያንዳንዱ ዐይን በአንድ ዓምድ የተደረደሩ 224 ትንንሽ ቀይ መብራቶች አሉት፤ በፍጥነት የሚወዛወዝ መስተዋት ዓምዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ሙሉ ሥዕል ያስመስለዋል። ሁለቱ ዐይኖች ጥቂት የተለያየ ሥዕል ስለሚያዩ ጥልቀት ይታያል።

ቀይ መብራት የተመረጠው ዋጋው ርካሽና ኀይል ቈጣቢ በመሆኑ ነው። እንግዲህ የርካሽነቱ መመሪያ እዚህም አልተጣሰም። የጎደለው ሌላ ነው። ሣጥኑ ኪስ አይገባም፣ ጓደኛ ጎን ሆኖ አያይበትም፣ በቀይና በጥቍር የተሞላው ሥዕልም ዐይንን ያደክማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ መሣሪያው በሚገባ ሳይበስል ለገበያ ወጥቶ ከ800,000 ያነሰ ብቻ ተሸጠ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሥራው ቆመ። በባቡር ውስጥ የደከመውን ሰው ያዩት ዮኮይ በዚህ ጊዜ መሣሪያውን አስቀድመው፣ የሚጫወትበትን ሰው ሁኔታ አስከትለው ነበር ብንል ስሕተት አይመስለንም።

በነሐሴ 1996 ዮኮይ ኒንቴንዶን ለቀቁ። ብዙዎች ምክንያቱ ይህ ውድቀት ነው ብለው ጽፈዋል፤ እርሳቸው ግን ራሳቸውን ችለው የመሥራት ሐሳብ ቀድሞም እንደ ነበራቸው ገልጸዋል። ቀጥለውም በኪዮቶ ኮቶ የተባለ የራሳቸውን የሥራ ቤት አቋቋሙ። በዚያም ባንዳይ ለተባለው ኩባንያ «ዎንደርስዋን» የተባለውን የእጅ መሣሪያ በመንደፍ ረዱ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ በጥቅምት 4 ቀን 1997 በመኪና አደጋ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ዎንደርስዋን የወጣው ከሞታቸው በኋላ በ1999 ነው። ዋጋው 4,800 የን ሲሆን፣ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ከ30 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። አብሮት ከወጡት ጨዋታዎች አንዱ በስማቸው ተሰይሟል።

፮. መደምደሚያ

በዚህ መመሪያ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሁሉም ሰው የደረቀ እንጨት ቢፈልግ ዛፉን የሚተክል ማን ነው? በእርግጥ የሒሳብ መኪና ሠሪዎች በፈሳሽ ክሪስታል ላይ ብዙ ገንዘብ ባያፈሱ ኖሮ ዮኮይ የሚያዛውሩት ጥበብ አያገኙም ነበር። ስለዚህ መመሪያው የምርምርን ሥራ ሊተካ አይችልም። ተመራማሪው የጀመረውን ነገር እስከ ሰው እጅ የሚያደርሰው ሁለተኛው ሠራተኛ ማን እንደ ሆነ ግን ያሳየናል።

ይህ ሁለተኛ ሠራተኛ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ዮኮይ የጀመሩት ከካርታ ማምረቻ መኪናዎች አጠገብ ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ዕውቀት ነው፤ አንዱ በእጁ ያለው ዕቃ ከታሰበለት ሥራ ውጭ ምን ሊሠራ እንደሚችል ማወቅ፣ ሁለተኛው ዕቃውን የሚይዘው ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚደክም ማወቅ። ጌም ቦይን ያሸነፈው የሁለቱ መገናኘት ነው፤ ቨርቹዋል ቦይን የጣለው የሁለተኛው መጓደል ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የመጀመሪያውን ዕውቀት የምስክር ወረቀታችን ሊመሰክርልን ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን በባቡር ውስጥ ወዳለው ሰው ተመልክተን ራሳችን ልንማረው ይገባል።