ሥዕልን ከቤት ሳያወጡ ዓይነቱን ስለ መለወጥ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ለትምህርት ወይም ለሥራ ማመልከቻ ፎቶግራፍህን በኢንተርኔት ላክ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ፎቶግራፉ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ፥ «የፋይሉ ዓይነት ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ይመለስበታል። ለምሳሌ፥ ብዙ ወገኖቻችን የሞከሩት የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ማመልከቻ ለብዙ ዓመታት ሲቀበል የኖረው ጄፔግ የተባለውን ዓይነት ብቻ ሲሆን፥ መጠኑም ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ የተወሰነ ነበር። የአይፎን ስልኮች ግን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ፎቶግራፍን በተለመደው አሠራራቸው የሚያስቀምጡት ሄይክ በሚባል በሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ አመልካቹ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

የፋይል ዓይነት ማለት ምን ማለት ነው? ሥዕል በኮምፒዩተር ውስጥ የሚኖረው በጥቃቅን ነጥቦች ተከፍሎ፥ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በቁጥር ተመዝግቦ ነው። እነዚህን ቁጥሮች አሳጥሮ የመጻፉ ሥርዓት ግን ልዩ ልዩ ነው። በዚያው አቆጣጠር ጄፔግ በ1992፥ ፒኤንጂ በ1996፥ ዌብፒ በ2010 ዓ.ም. ወጥተዋል። ጄፔግ ዓይን እምብዛም የማያስተውለውን እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል፤ ፒኤንጂ ግን አንዳች ሳይጥል ይጠብቃል። ሆኖም ጄፔጉን ወደ ፒኤንጂ የለወጠ ሰው አስቀድሞ የተጣለውን መልሶ አያገኝም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ መቀየርም መለወጥ አይደለም፤ የመጽሐፍ ሽፋን ቢቀየር ቋንቋው አይቀየርምና።

ይህን ለውጥ በነጻ እንሠራለን የሚሉ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አያሌዎቹ ፋይሉን ተቀብለው በሩቅ አገር ወዳለ ኮምፒዩተር ይወስዱና በዚያ ለውጠው ይመልሱታል። ደብዳቤውን እንዲገለብጥለት ለማያውቀው ጸሐፊ የሰጠ ሰው ምስጢሩንም አብሮ መስጠቱ ነው። ጸሐፊው አንድ ቅጂ ለራሱ ቢያስቀር በምን ይታወቃል? በ2025 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዴንቨር ያለው ጽሕፈት ቤት፥ በነጻ ፋይል እንለውጣለን ባዮችን መስለው ጐጂ ፕሮግራም የሚያሠራጩ አታላዮች እንዳሉ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

ከዚህም በላይ፥ ፎቶግራፍ ከሚታየው ሌላ የማይታይ ነገር ይዞ ይሄዳል። የተነሣበት ቀንና ሰዓት፥ የስልኩ ዓይነት፥ አንዳንድ ጊዜም የቦታው ልክ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ቫይረስ መከላከያ በመሥራት የታወቀው ጆን ማካፊ ከቤሊዝ ሸሽቶ ሳለ፥ ቫይስ የተባለው መጽሔት ያወጣው ፎቶግራፉ በጓቴማላ መሆኑን አጋለጠ። ምክንያቱም የቦታው ልክ ከፋይሉ ውስጥ ሳይፋቅ በመቅረቱ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ሥራው በራሳችን መሣሪያ ላይ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ማወቅ ነው። ብራውዘሮች ካንቫስ የተባለ የሥዕል ሰሌዳ አላቸው። ድረ ገጹ የመረጥነውን ፋይል በዚያ ሰሌዳ ላይ ይሥለውና በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ሥርዓት እንደገና ይጽፈዋል። ሰሌዳው የሚይዘው ቀለሙን ብቻ ስለ ሆነ፥ የቦታው ልክ በዚያው ይወድቃል። ሄይክን ብዙዎቹ ብራውዘሮች በራሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ዌብአሴምብሊ በተባለው ዘዴ ድረ ገጹ አንባቢውን ፕሮግራም ወደ እኛ መሣሪያ ሊያመጣው ይችላል። ሥዕሉ ወደ ጸሐፊው በመሄድ ፈንታ፥ ጸሐፊው ወደ ሥዕሉ ይመጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «ፋይልዎ ከእጅዎ አይወጣም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መፈተኛው ቀላል ነው። ድረ ገጹ ተከፍቶ ካበቃ በኋላ የኢንተርኔቱን መሥመር አቋርጡ፤ ከዚያም ፋይሉን መርጣችሁ ለውጡ። ሥራው ከተፈጸመ የተሠራው በቤታችሁ ነው። ቆሞ ከቀረ ግን ሥራው ከውጭ የሚመጣ ነገር የሚጠብቅ ነውና ፋይላችሁን አትስጡት። ከተሳካም በኋላ መሥመሩን ከመመለሳችሁ በፊት ገጹን ዝጉ፤ ተንኮለኛ ገጽ ፋይሉን ይዞ ቆይቶ ሊልከው ይችላልና።

መታወቂያን ወይም የሕክምና ወረቀትን ለመሰለ ጥብቅ ነገር ግን፥ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣውን ፕሮግራም መጠቀም ይሻላል። በዊንዶውስ ፔይንት፥ በማክ ፕሪቪው የተባሉት ከእነዚህ ዓይነቶች ብዙዎቹን ያለ ምንም ድረ ገጽ ይለውጣሉ።

ስለዚህ አድማጮቻችን፥ ፋይል ከመስጠታችሁ በፊት «ይህ ሥራ የሚሠራው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰጡትን ፎቶግራፍ ማስመለስ አይቻልም፤ አለመስጠት ግን ይቻላል።