ስለ ጥቃቅን ፕሮቲኖች

«የቋንቋ ተማሪዎች ከፕሮቲን ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚለን ቢኖር፥ እኛም እንደ እርሱ ምሳ የምንበላ መሆናችንን እናስታውሰዋለን። የበላነው ሽሮ ሆዳችን ሲደርስ ፕሮቲኑ ተፈርፍሮ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ክፍሎች ይለወጣል። ሴሎቻችንም እነዚህን ሃያ ዓይነት ክፍሎች እንደ ፊደል እየደረደሩ የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ። አብዛኛው ፕሮቲን በመቶ የሚቆጠሩ አሚኖ አሲዶች የተሰካኩበት ሰንሰለት ነው። እኛ የምንጽፈው ግን ከመቶ በታች ስለሆኑት አጫጭሮቹ ነው።

እነዚህ ለብዙ ጊዜ ሳይታዩ የቀሩት በአቆጣጠር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የእርሾ የዘር መዝገብ ተነቦ ሲወጣ፥ ሊቃውንቱ ጂን ለማለት በመሠረቱ የፈለጉት ቢያንስ መቶ አሚኖ አሲድ የሚያሠራውን ነበር። በዚህም ወደ 6000 የሚጠጉ ጂኖች ቆጠሩ። ያለ ምክንያት አደረጉት አንልም፤ በዚያ ሁሉ የፊደል ክምር ውስጥ አጭር ጂን የሚመስል ነገር በአጋጣሚ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ አንድ ቦታ ላይ መቁረጥ ግድ ነበር። ሆኖም አንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ከሦስት ፊደል ያነሰው ሁሉ የማተሚያ ስሕተት ነው» ብሎ ቢጥል፥ «ና»፥ «ሂድ»፥ «ቁም»፥ «ተው» የሚሉትን ትእዛዞች ባጣ ነበር። በሴልም የደረሰው ይህን ይመስላል።

«ተው» ባዩን እንመልከት። በአንጀታችን የሚኖረው ኢሽሪኪያ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግሉኮስን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ይህ ስኳር ጥቅም ላይ ሳይውል ሲከማች ባክቴሪያውን ይጎዳዋል፤ እድገቱም ይቆማል። በዚህ ጊዜ ኤስጂአርኤስ የተባለ አር ኤን ኤ ይነሣና አዲስ የስኳር በር እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት ያስጠፋል። ግን ቀድሞ የተሠሩት በሮችስ? እ.ኤ.አ. በ2007 ዋድለርና ቫንደርፑል የተባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፥ ያው አር ኤን ኤ 43 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ኤስጂአርቲ የሚባል ፕሮቲን ያሠራል፤ እርሱም የቆሙትን በሮች ሥራ ያስቆማል። አንዱ አናጢውን ሲከለክል ሌላው ደጁን ይዘጋል ማለት ነው።

በሰውም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። ሴል አሚኖ አሲድ እንደ ደረሰው ሲያውቅ ኤምቶር የሚባል የፕሮቲኖች ማኅበር (ማኅበር መባሉ ደስ ይለናል) ተነሥቶ «ምግብ አለ፥ እደግ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቦስተን የፓንዶልፊ ቡድን ይህን ጥሪ የሚያለዝብ፥ ላይሶሶም በሚባለው የሴል ክፍል ላይ የሚቀመጥ፥ 90 አሚኖ አሲድ ያለው ስፓር የተባለ ፕሮቲን ገለጠ። ያሠራው አር ኤን ኤ ቀድሞ «ፕሮቲን አያሠራም» ተብሎ የተመዘገበ ነበር። ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ፕሮቲኑ ነው ወይስ አር ኤን ኤው ራሱ? የቡድኑን ብልኀት የምናደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ አር ኤን ኤው እንዳለ ቀርቶ ፕሮቲኑ ብቻ የማይሠራባቸው አይጦች አዘጋጁ። የእነዚህም አይጦች ጡንቻ ከጉዳት በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ በፍጥነት አገገመ።

«ኢንሱሊንም እኮ ትንሽ ነው፥ ምን አዲስ ነገር አለው?» ያለን የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጃችን አልተሳሳተም። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ነው፤ ነገር ግን 110 አሚኖ አሲድ ካለው ሰንሰለት ተቆርጦ የሚወጣ ነው። ስፓርና ኤስጂአርቲ ከመጀመሪያው አጭር ሆነው ይሠራሉ።

ወሬው ከቤተ ሙከራ አልፎ ገበያ መድረሱን ሳንጽፍ ብናልፍ ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሚቶኮንድሪያ የተገኘ ሞትስ-ሲ የተባለ 16 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ሰንሰለት ታወቀ። ቅባት የበዛበት ምግብ የሚበሉ አይጦች በዚህ ሲወጉ ከመወፈር ተጠበቁ፥ ኢንሱሊንም በሰውነታቸው ደኅና ሠራ። ይህን የሰሙ ነጋዴዎች በብልቃጥ እየሞሉ ለሰው ይሸጡታል። ኢንሱሊን የሚወጋ አባት ወይም አክስት ያለው አንባቢያችን ይህን ልዩነት ቤት ሲገባ ይንገራቸው፤ ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በሰው ላይ የተፈተነ መድኃኒት ነው፥ የሞትስ-ሲ ማስረጃ ግን በአብዛኛው የአይጥ ነው።