የሐይቆች አገር

በእንግሊዝ አገር በሰሜንና በምዕራብ ማዕዘን፥ ከባሕር አጠገብ፥ ተራሮችና ሐይቆች ተቀራርበው የሚገኙበት አንድ አውራጃ አለ። ስሙም የሐይቆች አገር ይባላል። አገሩ ሰፊ አይደለም፤ ብርቱ እግረኛ በጥቂት ቀን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጠው ይችላል። ነገር ግን ውበቱ በብዙ አገር የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሰዎች ከሥራቸው ዕረፍት ባገኙ ጊዜ ከሩቅም ከቅርብም ወደዚያ ይሄዳሉ። የሚሄዱትም በእግራቸው ለመንሸራሸር፥ ንጹሕ አየር ለመተንፈስ፥ መንደሩንና ውኃውን ለማየት ነው። ይህ አገር እንዴት እንደ ተሠራ፥ ውበቱም እስከ ዛሬ በማን እንደ ተጠበቀ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ተራሮቹ እጅግ ረጃጅም አይደሉም። ከሁሉ የሚበልጠው ስካፌል ፓይክ ይባላል፤ ከፍታው 978 ሜትር ነው። ይህም በእንግሊዝ ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍ ያለ ነው። ከሐይቆቹ በርዝመት የሚበልጠው ዊንደርሚር ነው፤ ርዝመቱም 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥልቀት የሚበልጠው ግን ዋስት ዋተር ነው፤ ጥልቀቱ ከ70 ሜትር በላይ ይሆናል።

የሐይቆቹን ጕድጓድ የቈፈረው በረዶ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ብርድ በርትቶ ሳለ፥ ተራሮቹን ወፍራም በረዶ ሸፍኖአቸው ነበር። በረዶውም ከክብደቱ የተነሣ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተት ነበር። ሲወርድም ድንጋይና አሸዋ በሥሩ ይዞ፥ ምድሩን እንደ ሞረድ ይፍቀው፥ ሸለቆውንም ያጠልቀው ነበር። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ሙቀት በመጣ ጊዜ በረዶው ቀለጠ። በረዶው ያመጣው ድንጋይና አፈርም በየሸለቆው አፍ ተከምሮ እንደ ግድብ ሆነ፤ ውኃውም በዚያ ተጠራቀመ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሐይቆች እንደ ጣት ረጃጅምና ጠባብ ናቸው። በመካከል ካሉት ተራሮችም ወደየአቅጣጫው እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግተዋል።

በዚያ አገር ዝናብ ብዙ ነው። ከባሕር የመጣው ደመና ተራራውን በነካ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ይበርዳል፤ ሲበርድም ዝናብ ይሆናል። ሲትዌይት በሚባል ስፍራ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። ስለዚህ ብልህ መንገደኛ ማለዳ ፀሐይ ቢያይ እንኳ የዝናብ ልብሱን ሳይዝ አይወጣም።

የመንደሮቹ ቤቶች ከአገሩ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ጣራቸውም እንደ ተማሪ ሰሌዳ በስሱ ከሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። ቤቱ የተሠራበት ድንጋይ ከተራራው ስለ ተወሰደ፥ የቤቱ ቀለም ከተራራው ቀለም ጋር ይስማማል። ከመንደሩ ውጭ እርሻውንና መስኩን የሚከፍል የድንጋይ ካብ አለ። ካቡ ጭቃም ኖራም የለበትም። የሚክበው ሰው ሁለት ረድፍ ድንጋይ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ በመካከላቸውም ጥቃቅን ድንጋይ ይሞላል። ደግሞ በየስፍራው ሁለቱን ረድፍ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ ያጋድማል። እንዲህ በጥንቃቄ የተካበ ካብ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆማል። ነገር ግን አንድ ችኵል ሰው በላዩ ተንጠላጥሎ ጥቂት ድንጋይ ቢያፈርስ፥ በጎቹ በዚያ ክፍተት ይወጣሉ፤ ገበሬውም የቀን ሥራውን ትቶ እነርሱን ሲፈልግ ይውላል።

የአገሩ በግ ሄርድዊክ ይባላል። ግልገሉ ሲወለድ ጥቁር ነው፤ ባደገ ቍጥር ግን ጠጕሩ እየነጣ ሄዶ ግራጫ ይሆናል። ከፍ ባለው ተራራ ላይ አጥር የሌለበት ሰፊ ስፍራ አለ፤ የልዩ ልዩ ገበሬዎችም መንጋ በዚያ ይሰማራል። ሆኖም እያንዳንዱ መንጋ የራሱን መሰማሪያ አይለቅም። ይህን ለበጉ ያስተማረው እረኛ አይደለም፤ እናቱ ናት። ግልገሉ ከእናቱ ኋላ ሲከተል ድንበሩን ይማራል፤ ሴቲቱ ግልገልም አድጋ በወለደች ጊዜ ለልጇ ታሳያለች። በ2001 ዓ.ም. አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በእንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ፥ በሽታው እንዳይሰፋ ብዙ በጎች ተገደሉ። የገበሬዎቹም ኀዘን ስለ በጎቹ ዋጋ ብቻ አልነበረም። በገንዘብ ሌላ በግ መግዛት ይቻላል፤ መሰማሪያውን የሚያውቅ በግ ግን ከገበያ አይገኝም።

በዚህ አገር ለዕረፍት የሚመጣ ሰው በየቀኑ አንድ መንገድ ይመርጣል። ከተወደዱትም መንገዶች አንዱ ከግራስሚር መንደር ወደ ራይዳል መንደር የሚወስደው ነው። ግራስሚር በትንሽ ሐይቅ አጠገብ ያለ መንደር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አንድ ትንሽ ቤት ይታያል፤ በቀድሞ ዘመን የመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ። በኋላ ሣራ ኔልሰን የምትባል ሴት በዚያ ቤት ኖረች፤ ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮም በዝንጅብል የተጋገረ ጣፋጭ ብስኵት ትሸጥ ነበር። ብስኵቱ ዛሬም በዚያው ቤት ይሸጣል፤ መንገደኛም ለስንቁ ይገዛዋል።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በተራራው ጎን፥ በዛፍ ጥላ ሥር ያልፋል። ጥንት በራይዳል ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ፥ ሰዎች ሙታናቸውን ተሸክመው በዚህ መንገድ ወደ ግራስሚር ያመጡ ነበር። ሬሳውን አሳርፈው ጥቂት የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታያል። አሁን ግን በእርሱ ላይ የሚቀመጡት ውኃ የሚጠጡ መንገደኞች ናቸው።

በእንግሊዝ ሕግ፥ ለሕዝብ የተፈቀደ የእግር መንገድ በሰው እርሻ መካከል ቢያልፍም ማንም ሊሄድበት ይችላል። ገበሬው መንገደኛውን አይከለክለውም፤ መንገደኛውም ለገበሬው ይጠነቀቃል። ተዘግቶ ያገኘውን በር መልሶ ይዘጋል። ተከፍቶ ያገኘውንም ክፍቱን ይተወዋል፤ ገበሬው በጎቹ ወደ ውኃ እንዲወርዱ ብሎ ከፍቶት ይሆናልና። ውሻውን ያስራል፤ ከስንቁ የተረፈውንም ወረቀት በኪሱ ይዞ ይመለሳል።

ዊልያም ዎርድዝዎርዝ የሚባል ታላቅ ባለቅኔ በዚህ አገር ይኖር ነበር። ከ1799 እስከ 1813 ዓ.ም. በግራስሚር፥ ከ1813 ዓ.ም. ጀምሮም እስኪሞት ድረስ በራይዳል ተቀመጠ። ለመንገደኞች መሪ የሚሆን መጽሐፍም ጻፈ። በዚያም መጽሐፍ፥ ይህ አገር የሚያይ ዓይንና ደስ የሚለው ልብ ላለው ሰው ሁሉ የጋራ ንብረት ይሁን ብሎ ተመኘ። ነገር ግን በ1844 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ወደ ዊንደርሚር ሊሠራ በታሰበ ጊዜ እርሱ ራሱ ተቃወመ። የፋብሪካ ሠራተኞች በብዛት ቢመጡ የአገሩ ጸጥታ ይጠፋል፤ እነርሱም ውበቱን ለማየት ገና አልተማሩም ብሎ ፈራ። ሌሎች ግን፥ በጢስ በጠቈረ ከተማ የሚኖር ድኻ ከሁሉ ይልቅ ይህን ማየት አያስፈልገውምን? ብለው መለሱለት። ሐዲዱም በ1847 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሠራተኞቹም መጡ። ባለቅኔው የፈራው ነገር እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ዘመን መረመረው።

በዚያው ዘመን ከተሞች እያደጉ ስለ ሄዱ ብዙ ውኃ ያስፈልጋቸው ነበር። የማንቸስተር ከተማ ቴርልሚር የሚባለውን ሐይቅ ገድቦ ውኃውን ለመውሰድ አሰበ። ብዙ ሰዎች ተቃወሙ፤ ነገር ግን በ1879 ዓ.ም. ሕጉ ተፈቀደ። በ1894 ዓ.ም. ውኃው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ከከተማው ደረሰ። በኋላም ከተማው ሐውዝዋተር የሚባለውን ሐይቅ ገደበ። በዚያ ሸለቆ ማርዴል የሚባል መንደር ነበረ። በ1935 ዓ.ም. በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ጸሎት ተደረገ። ሙታኑ ከመቃብራቸው ወጥተው በሌላ ስፍራ ተቀበሩ፤ ቤቶቹም ፈረሱ፤ ውኃውም ሸፈናቸው። ድርቅ በሆነበት ዓመት ውኃው ሲጐድል የድሮው ካብና መንገድ ብቅ ይላል። የከተማው ሕዝብ ንጹሕ ውኃ ማግኘቱ መልካም ነበረ፤ መንደሩን ያጡት ሰዎች ግን ዋጋውን ከፈሉ።

ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች፥ ውበት የሚጠብቀው ከሌለ እንደሚጠፋ ተረዱ። በ1895 ዓ.ም. ሃርድዊክ ሮንስሊ የሚባል የዚያ አገር ቄስ፥ ኦክታቪያ ሂልና ሮበርት ሀንተር ሆነው አንድ ማኅበር አቆሙ፤ ስሙም ናሽናል ትረስት ይባላል። ሥራውም ያማረውን መሬትና የጥንቱን ቤት ለሕዝብ ሁሉ መጠበቅ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በደርወንት ዋተር ሐይቅ ዳር ብራንደልሃው የሚባል ደን ሊሸጥ ወጣ። ባለጠጎች ገዝተው ቤት ቢሠሩበት፥ ሕዝቡ ወደ ሐይቁ ዳር መቅረብ ይከለከል ነበር። ዋጋው 6,500 ፓውንድ ነበረ፤ ማኅበሩም ይህን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሕዝቡን እርዳታ ለመነ።

ገንዘብም ከየስፍራው ይመጣ ጀመር። ከላኩትም መካከል አንድ ሠራተኛ ነበረ። ከሁለት ሽልንግ በላይ ለመስጠት አቅም እንደሌለው፥ ነገር ግን ደርወንት ዋተርን አንድ ጊዜ አይቶት እንደማይረሳው ጻፈ፤ ጓደኞቹም እንዲረዱ ለመለመን ቃል ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ትንሹ ስጦታ ከትልቁ ጋር ተደምሮ ደኑ ተገዛ። በ1902 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ፤ ዛሬም ማንም ያለ ክፍያ ይሄድበታል። አላዋቂ ናቸው ተብለው ከተፈሩት ሠራተኞች አንዱ የሐይቁ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ።

በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ቢያትሪክስ ፖተር የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር ከሎንዶን ለዕረፍት ወደ ዊንደርሚር መጣች። እንስሳትንና እንጕዳይን እየተመለከተች መሣል ትወድ ነበር። አድጋም ለልጆች የሚሆኑ የእንስሳት ተረቶች ጻፈች፤ ሥዕላቸውንም ራሷ ሣለች። ከመጽሐፎቿም ገንዘብ ባገኘች ጊዜ በ1905 ዓ.ም. በዚያው አገር እርሻ ገዛች። ከዚያም በኋላ ሌሎች እርሻዎች እየገዛች ሄርድዊክ በግ ታረባ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ስትሞት ከ1,600 ሄክታር በላይ መሬት ለማኅበሩ አወረሰች። በተራራው ላይም የሄርድዊክ በግ እንዳይቀር አዘዘች። አገሩን ለማየት በእንግድነት የመጣችው ልጅ ከጠባቂዎቹ አንዷ ሆነች።

በ1951 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የሐይቆችን አገር ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ይህ ማለት ግን ሰው የማይኖርበት ሆነ ማለት አይደለም፤ ገበሬው ዛሬም ያርሳል፥ በጉንም ያሰማራል።

ድካሙ ግን ገና አላለቀም። በየዓመቱ የሚመጣው እንግዳ እጅግ ብዙ ነው። የብዙ ሰው እግር ሣሩን ያጠፋል፤ ዝናቡም ራቁቱን የቀረውን አፈር ያጥባል፤ መንገዱም ጕድባ ይሆናል። ስለዚህ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች በተራራው ላይ ድንጋይ እየደረደሩ መንገዱን ይጠግናሉ። ደግሞ ከሌላ ስፍራ የመጡ ሰዎች ለዕረፍት ጊዜ ብቻ ብለው ቤት ስለሚገዙ ዋጋው ተወድዶአል። በመንደሩ የተወለደ ወጣት በመንደሩ ቤት ማግኘት ተቸግሮአል። አገሩን የሚወድዱት ሰዎች ብዛት ራሱ አገሩን ሊጐዳው ይችላልና፥ ፍቅር ያለ ጥንቃቄ አይበቃም።

ስለዚህ የጋራ የሆነ ነገር የማንም አይደለም ማለት ስሕተት ነው። የጋራ የሆነ ነገር የእያንዳንዱ ሰው አደራ ነው። ባለጠጋው መሬት ሰጠ፤ ሠራተኛው ሁለት ሽልንግ ሰጠ፤ ምንም የሌለው መንገደኛም ያገኘውን በር ዘግቶ፥ ካቡን ሳያፈርስ፥ ሥፍራውን ሳያቈሽሽ ቢያልፍ የድርሻውን ሰጥቶአል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ልጅም ሐይቁን እርሱ እንዳየው አድርጎ ያየዋል።