ማን ይቅደም? ስለ ሥራ ተራ አያያዝ

ባለፈው መንፈቅ የማኅበራችን ጽሕፈት ክፍል ለጥቂት ቀናት የጠብ ቤት ሆኖ ነበር። ውድ አንባብያን እንደምታስታውሱት፣ ለተማሪው ሁሉ ይታደላል ብለን ያስነገርነው የቀድሞ ዓመታት የፈተና ጥያቄ ተባዝቶ የወጣው ፈተናው በተጀመረበት ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ጥዋት የተፈተነ ተማሪ ከቀትር በኋላ ጥያቄ ሲታደለው ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ያሉንንም ሰምተናል።

እኛም እንደ ልማዳችን ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣን፤ አገኘንም። የማባዣ መኪናው ሠራተኛ ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ ሁለት ጊዜ ወደ ክፍላቸው ገብቶ ሁለቱንም ጊዜ ጋዜጣ ሲያነቡ አግኝቷቸዋልና። «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ተከምሮ እንዴት ይቀመጣሉ?» ብንላቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጆች፣ ያልተተየበ ወረቀት እንዴት አድርጌ ላባዛ?» አሉን። አፍረን ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብለን በሒሳብ ያየነው።

በዚያ ሳምንት አራት ሥራ ነበረን። እያንዳንዱ አስቀድሞ ይተየባል፤ ከዚያ በኋላ ይባዛል። ታይፒስቷ አንዲት ናት፤ ማባዣውም አንድ ነው። የሒሳብ ሹማችን ሪፖርት በሠንጠረዥ የተሞላ ስለሆነ ለመተየብ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ቅጂው ጥቂት ነውና ለመባዛት 1 ሰዓት ይበቃዋል። መጽሔቱ 6 ሰዓት ይተየባል፤ 5 ሰዓት ይባዛል። የፈተናው ጥያቄ በ2 ሰዓት ተተይቦ ያልቃል፤ ዳሩ ግን ለሁሉ የሚታደል ስለሆነ 6 ሰዓት ይባዛል። የምርጫው ማስታወቂያ 1 ሰዓት ይተየባል፤ 3 ሰዓት ይባዛል። (ለስሌት እንዲመች ቍጥሩን ሙሉ ሙሉ አድርገነዋል።)

እኛ የሰጠነው በመጣበት ተራ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይቅደም፣ ይህም ፍትሕ ነው ብለን። ሪፖርቱ ቀደመ፣ መጽሔቱ ተከተለ፣ ጥያቄው ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው መጨረሻ ሆነ። እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ። ማባዣው ሪፖርቱ ተተይቦ እስኪመጣ 5 ሰዓት ሥራ ፈታ። አንዲት ሰዓት ሠርቶ መጽሔቱን በመጠበቅ እንደገና 5 ሰዓት ሥራ ፈታ። ጋሼ ጋዜጣ ያነበቡት በእነዚህ ሰዓታት ነው! ጥያቄው የወጣው በ22ኛው ሰዓት፣ ሥራው ሁሉ ያለቀው በ25ኛው ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ከሦስት ቀን ያልፋል።

አሁን ተራውን እንለውጠው፤ ማስታወቂያው፣ ጥያቄው፣ መጽሔቱ፣ በመጨረሻ ሪፖርቱ። ማባዣው የሚቦዝነው የመጀመሪያዋን 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አያርፍም። ጥያቄው በ10ኛው ሰዓት፣ ማለት በሁለተኛው ቀን ጥዋት ይወጣል፤ ሥራው ሁሉ በ16 ሰዓት ያልቃል። ሰው አልተጨመረም፤ መኪና አልተገዛም፤ ማንም ከመጀመሪያው ይልቅ አልተቻኰለም። ከዚህም የሚያንስ ጊዜ አይገኝም፤ ምክንያቱም ማባዣው በጠቅላላው 15 ሰዓት ሥራ አለበት፤ አጭሩ ትየባ 1 ሰዓት ስለሆነም ከዚያ በፊት ሊጀምር አይችልም።

ይህን ተራ የሚያወጣው ደንብ የእኛ ግኝት አይደለም። ሴልመር ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ያሳተመው ነው። ከሁሉ የሚያንሰውን ሰዓት ፈልግ፤ ያ ሰዓት የመጀመሪያው ክፍል (ለእኛ የትየባው) ከሆነ ሥራውን ከፊት አስቀምጥ፤ የሁለተኛው ክፍል ከሆነ ከኋላ አስቀምጥ፤ የቀሩትንም እንዲሁ እያልህ ቀጥል። ጆንሰን በሁለት መኪና ለሚያልፍ ሥራ ከዚህ የተሻለ ተራ እንደሌለ አረጋግጧል፤ ሥራው አራትም ይሁን አራት መቶ።

ምሥጢሩ ግን እናቶቻችን ማድ ቤት ውስጥ ሲሠሩበት የኖሩት ነው። ቅቅል አጥንቱን አጥቦ መጣድ ብቻ ነው፤ እሳት ላይ ግን ብዙ ይቆያል። ክትፎ በቢላዋ ሲደቅ እጅ ያዝላል፤ ለብ ለብ ለማድረግ ግን አፍታ ይበቃዋል። ክትፎውን ከትፋ እስክትጨርስ ምድጃውን ባዶ የምታቆይ ባለሙያ አላየንም። እኛ ግን ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ያውም ዩኒቨርሲቲ ገብተን።

እንዲህ ያለው ጥናት በሌሎች አገሮች ከፋብሪካና ከጦርነት ጋር አብሮ አድጓል። የሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 ስለ ምርት አደላደል ያሳተመው መጽሐፍ የተነሣው ኮምፔንሳቶ የሚሠሩ ሰዎች መኪኖቻችንን ለየትኛው እንጨት ብንመድብ ይሻላል ብለው ካቀረቡለት ጥያቄ ነው። እርሱና ቻሊንግ ኮፕማንስ በ1975 የኤኮኖሚክስን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ሆኖም ሒሳቡ ሁልጊዜ እንዲህ አይታዘዝም። መጽሔቱን የሚጠርዝ ሦስተኛ ሰው ጨምሩና ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ለሦስት መኪና፣ ሥራው ሲበዛም ምንጊዜም ፈጥኖ የተሻለውን ተራ የሚያወጣ ደንብ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ጥያቄው ኮምፒዩተርን ከሚያስቸግሩት እጅግ ከባድ ጥያቄዎች ወገን መሆኑንም ሦስት ሊቃውንት በ1976 አሳይተዋል። ተራውን ሁሉ እየቈጠሩ መሞከር ነው እንዳይባል፣ ለ4 ሥራ 24 ተራ አለ፤ ለ10 ሥራ 3,628,800 ነው፤ ለ20 ሥራ ደግሞ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ተራ የሚመረምር መኪና ቢገኝ 77 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ባለፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለውን ትተው «ይበጃል» በሚሉት ይረካሉ።

ለእኛ ለአርትስ ተማሪዎች የሚከብደው ግን ሌላው ነው። ይህን ጉዳይ በስብሰባ ስናስረዳ የሒሳብ ሹማችን ተነሥቶ፣ «የእኔ ሪፖርት በመጀመሪያው ተራ በ6ኛው ሰዓት ወጥቶ ነበር፤ በእናንተ ሒሳብ በ16ኛው ይወጣል። ቀድሜ መጥቼ ኋላ የምቀረው ለምንድን ነው?» አለን። መልስ አልነበረንም። የጆንሰን ደንብ የሚያየው የመጨረሻው ሥራ የሚያልቅበትን ሰዓት እንጂ ማን እንደጠበቀ አይደለም። ሌላ ግብ ሌላ ደንብ ይወልዳል። አንድ መኪና ብቻ ሲኖር፣ የጠባቂዎችን አማካይ ጊዜ ለማሳጠር አጭሩን ሥራ ማስቀደም እንደሚገባ ዌይን ስሚዝ በ1956 አሳይቷል፤ ከቀጠሮ የሚያልፈውን ትልቁን መዘግየት ለማሳነስ ደግሞ ቀጠሮው የቀረበውን ማስቀደም እንደሚገባ ጄምስ ጃክሰን በ1955 አሳይቷል። ከእነዚህ የትኛውን እንፈልጋለን? ለዚህ ሒሳብ መልስ አይሰጥም፤ ግቡን ከነገሩት በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው። የፈተና ጥያቄ ከፈተና በኋላ ዋጋ የለውም፤ ሪፖርት ግን አንድ ቀን ቢዘገይ ሪፖርትነቱ አይቀርም፤ በዚህ ተከራክረን በድምፅ ወሰንን። ሹማችን ግን ዛሬም አልተዋጠለትም።

የማባዣውን ሠራተኛ ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። የዚህ እትም ሥራ ሁሉ በአዲሱ ተራ ተሰጥቷል። ይህ ጽሑፍ በእጅ ጽሕፈታችን ክፋት ለመተየብ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፣ ለመባዛት ግን ጥቂት ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት የመጨረሻውን ተራ ይዟል።