ጓሯቸውን የነቀሉ ገበሬ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ፥ በመልካ ቁንጥሬ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፥ የጢያን ትክል ድንጋዮች ካለፈ በኋላ ቡኢ ይደርሳል። ድንጋዮቹ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ጎብኚው ሁሉ በላያቸው የተቀረጸውን ሰይፍ ይቆጥራል፤ ከሥራቸው የተቀበሩት ሰዎች ስም ግን ለማንም አልደረሰም። እኔም ዛሬ የማወሳው ከዚያው አገር ያረፉ አንድ ገበሬ አያቴን ነው። ስማቸውን ባልጽፍ ቅር እንደማይላቸው አውቃለሁ። ዳዊት መድገም የተማሩ ሰው ቢሆኑም ጋዜጣን የሚፈልጉት ለበርበሬ መጠቅለያ ነበር።

የሶዶ ክስታኔ ሰው ልጁን ለንግድ ወደ ከተማ መስደድ የቆየ ልማዱ ነው። የአያቴም ወንድሞች ገና በወጣትነታቸው መርካቶ ገቡ። እሳቸው ግን በአባታቸው መሬት ላይ ቀሩ። ከወለዷቸው ሰባት ልጆች አምስቱ በተራቸው ሲወጡ አልከለከሉም፤ እያንዳንዱን እስከ አውራው መንገድ ሸኝተው፥ ቆጮ በቅጠል አስጠቅልለው፥ በራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው መርቀው ይመለሱ ነበር። ከተማ የገባው ሁሉ ሲከስርም ሆነ ሲታመም የሚመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። አንዱ ካልቀረ የሌላው መመለሻ ከወዴት ይገኛል? ይህን እኛ ከተሜዎቹ የምናስበው ዘግይተን ነው።

ረቡዕና ዓርብን ሳይጾሙ ውለው አያውቁም። ወር በገባ በ5ኛው ቀን የአቦን ጽዋ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር ይጠጣሉ፤ መጋቢት 5 ቀን ደግሞ ጉልበታቸው እስከደከመበት ዘመን ድረስ ምድረ ከብድ ገዳም በእግራቸው ሄደው ይሳለሙ ነበር። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፥ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ልቤ አብጦ፥ ሥራ የሚፈታባቸውን በዓላት በወረቀት ላይ ደምሬ አቀረብኩላቸው። «አባባ፥ ይህ ሁሉ ቀን ቢታረስበት ስንት ኩንታል ጤፍ ይገኝ ነበር?» ብዬ በድፍረት ጠየቅሁ። ወረቀቱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉና፥ «አንተስ ልጄ፥ እሑድ እሑድ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። ኳስ እንደማይ ለመናገር አፈርኩ። እሳቸው በነዚያ ቀኖች የታመመ ይጠይቁ፥ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞችን ያስታርቁ ነበርና።

ነገር ግን የሰውየውን እምነት የተረዳሁት ከጾሙና ከጽዋው ይልቅ በእንሰታቸው ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፥ ክረምቱ ሲወጣ፥ በጓሮው ዳር የቆመ የአንድ እንሰት መካከለኛ ቅጠል ቢጫ ሆነና ተጣጥፎ ወደቀ። ቢቆርጡት ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ወጣው። በየቀኑ ሌላው ይከተል ጀመር። የግብርና ሠራተኛው መጥቶ አይቶ፥ አጠውልግ የሚባለው በሽታ መሆኑን ነገራቸው። ይህን በሽታ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ያገኙት መሆናቸውን በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈዋል፤ የሚያድን መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ያለው ዘዴ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና፥ የተቆረጠበትን ቢላዋ በእሳት መለብለብ ነው። ቢላዋው ካልተለበለበ በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ ያደርሰዋል።

አንባቢዬ የቢሮ ሰው ከሆነ ነቅሎ መቅበር ቀላል ይመስለው ይሆናል። እንሰት እንደ ጤፍ በአንድ ክረምት የሚደርስ አይደለም። ከአሚቾው የበቀለው ችግኝ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ አምስትና ስድስት ዓመት ይጠበቃል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ የሚኖረው በዚህ ተክል ነው፤ ዝናብ ሲጠፋም ጓሮ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጎረቤቶች፥ በሽታው ሳይብስ የቀረውን ፍቀን እንብላ፥ የቀናውንም ገበያ እናውጣ ብለው ተማከሩ። እማማም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። መፋቁም ሆነ ልጆችን ማጉረሱ የእሳቸው ድካም ነውና አልፈርድባቸውም።

አያቴ ግን አንድ ሌሊት አድረው፥ በማለዳ ጸሎታቸውን አድርሰው፥ ዶማ ይዘው ወጡ። የታመመውንና በአጠገቡ የቆመውን፥ በጠቅላላው 32 እንሰት፥ ነቅለው በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩ። እማማ እያለቀሱ ቢለምኗቸው፥ «የእኔ ቢላዋ የጎረቤቴን ቤት አያስርብም» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልመለሱም። ሁለቱ ሦስት ቀን ሙሉ እንዳልተነጋገሩ አክስቴ አጫውታኛለች። በአራተኛው ቀን አያቴ እንስራ ተሸክመው ውኃ ቀድተው ገቡ። በዚያ አገር ወንድ ውኃ ሲቀዳ መታየቱ ለሳቅ የሚበቃ ነገር ነው። እማማም ሳቁ፤ በዚህ ታረቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቆጮ ከገበያ ተገዛ። ከሁለቱ በሬ አንዱ ተሸጠና፥ አያቴ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ማረስ ያዙ። በየወሩ ለእኔ የሚላከው የኪስ ገንዘብ ግን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። የበሬውን ነገር የሰማሁት በቀብራቸው ዕለት ነው።

በዚያው ዓመት፥ ዕድሜያቸው ከ75 ካለፈ በኋላ፥ ከዘመድ ጓሮ ጤነኛ አሚቾ አስመጥተው ሰነጠቁ፤ በሽታው ካልደረሰበት ጠርዝ ላይ ፍግ አልብሰው ቀበሩት። ችግኙ ሲፈላ በየዓመቱ ራሳቸው አዛወሩት። አንድ ጎረቤት፥ «አባባ፥ ይህ ለማን ነው?» ብሎ ቢቀልድባቸው፥ «ለመስቀል» አሉት። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልነገሩትም።

ያረፉት ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር ነው። በመስቀል እንደ ደንቡ ሁላችንም ቡኢ ተሰበሰብን። መራቂው ግን አልነበሩም፤ ታላቁ አጎቴ ሊመርቅ ጀምሮ መካከል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ከምሳ በኋላ የመሬቱ ነገር ተነሣ። አንዱ ለእኩል አራሽ ይሰጥ አለ፤ ሌላው እማማን አዲስ አበባ እንውሰዳቸው አለ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ እማማ አንድም መልስ ሳይሰጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። በረድፎቹ መካከል እየሄዱ እያንዳንዱን እንሰት በመዳፋቸው እየነኩ፥ «ይህ ገና ነው፤ ይህም ገና ነው» ይሉ ነበር። ከመጨረሻው ረድፍ ሲደርሱ ቆሙና፥ «ይህ ደርሷል፤ ቢላዋውን አምጣልኝ» አሉኝ።

ወደ ቤት ገብቼ፥ ቢላዋውን በምድጃው እሳት ላይ ለብልቤ አመጣሁላቸው።